በድርብርብ የኒክል ኦክሳይዶች ውስጥ የሚታየው መግነጢሳዊ ሥርዓትና ከልዕለ አስተላላፊነት ጋር ያለው ግንኙነት

መነሻ

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ስለ መግነጢስ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ በብረት፣ በኒክልና በኮባልት ይጀምርና በኤሌክትሮመግነጢስ ይደመደማል። ስለ ልዕለ አስተላላፊነት የሚነሣ እንደ ሆነም፣ አንዲት ትንሽ መግነጢስ በቀዘቀዘ ጥቁር ሸክላ ላይ ተንሳፍፋ የምትታይበት ሥዕል ቀርቦ «ልዕለ አስተላላፊ አካል የመግነጢስን መስክ ከውስጡ ያስወጣል» ተብሎ ይታለፋል። ከዚህ የተነሣ ተማሪው መግነጢስና ልዕለ አስተላላፊነት እንደ እሳትና ውኃ የማይስማሙ ናቸው የሚል አሳብ ይዞ ከክፍል ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመምህርነት ባሳለፋቸው ዓመታት ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል። አንድ ቀን አንድ ተማሪ «እንዲህ ከሆነ እንደ ኒክል ያለ መግነጢሳዊ ነገር ያለበት ውሕድ ልዕለ አስተላላፊ ሊሆን አይችልም ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሩ ሳያመነታ «አይችልም» ሲል መለሰለት። መልሱ ስሕተት ነበር። ኒክል፣ ቦሮንና ካርቦን ያለባቸው ልዕለ አስተላላፊዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ተገኝተው ነበርና መልሱ በዚያን ጊዜም ቢሆን ስሕተት ነበር። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ለመልሱ የተሰጠው ምክንያት የተሳሳተ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተያዘው አሳብም ያንን ምክንያት ማረም ሲሆን፣ ለዚህም ከ2019 ወዲህ የፊዚክስ ሊቃውንትን እጅግ ያነጋገሩት ድርብርብ የኒክል ኦክሳይዶች በማስረጃነት ይቀርባሉ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው፣ ልዕለ አስተላላፊነትን በመጀመሪያ ያገኘው ሆላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሲሆን፣ ይህም በ1911 በላይደን ከተማ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባቀዘቀዘ ጊዜ ነው። በዚያ የሙቀት መጠን የሜርኩሪው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በድንገት ጠፋ። በ1933 ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ የተባሉት ጀርመናውያን፣ እንዲህ ያለው አካል የመግነጢስን መስክ ከውስጡ እንደሚያስወጣ አስረዱ። የነገሩ ምክንያት በተሟላ መልክ የተገለጸው በ1957 በባርዲን፣ በኩፐርና በሽሪፈር ነው። በእነርሱ አገላለጽ መሠረት ኤሌክትሮኖች በአቶሞች መረብ ንዝረት አማካይነት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣመራሉ፤ የጥንዶቹ ስፒን (ማለትም እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ መግነጢስ የሚያመለክተው አቅጣጫ) አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሆናል። እንግዲህ አንድ መግነጢሳዊ አቶም በመካከላቸው ቢገባ፣ አንደኛውን ስፒን ስቦ ሌላውን ገፍቶ ጥንዱን ያፈርሰዋል። በ1958 በላንታነም ብረታ ብረት ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ጋዶሊኒየም ቢጨመር ልዕለ አስተላላፊነቱ ሊጠፋ እንደሚቃረብ በሙከራ ታየ። «መግነጢስ ጠላት ነው» የሚለው ትምህርት ከዚህ የመጣ ነው፤ ለእነዚያ ብረታ ብረቶችም ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህንኑ ለሁሉም አካላት ሕግ ስናደርገው ነው።

ሁለት ዓይነት ሥርዓት

ቀጥቃጭ ብረቱን በፍም ውስጥ አግሎ ባወጣው ጊዜ መግነጢስ ቢያስጠጉለት አይስበውም። የብረት መግነጢሳዊ ሥርዓት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈርሳል፤ የኒክል ደግሞ በ350 ዲግሪ አካባቢ። ይህ ሥርዓት አቶሞቹ ሁሉ ስፒናቸውን ወደ አንድ ወገን ያዞሩበት ነው፤ ፌሮመግነጢስ ይባላል።

ሌላ ሥርዓት አለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል በ1930ዎቹ ባቀረበው አሳብ መሠረት፣ በአንዳንድ አካላት ውስጥ ጎረቤታሞቹ አቶሞች ስፒናቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች፣ ቀጣዩ ወደ ላይ እያለ ይቀጥላል። ይህም ጸረ ፌሮመግነጢስ ተብሏል። እንዲህ ያለው አካል ሚስማር አይስብም፤ በውጭ ሲታይ ጨርሶ መግነጢስ ያለበት አይመስልም፤ በውስጡ ግን እጅግ የተስተካከለ ሥርዓት አለ። ተራው የኒክል ኦክሳይድ እስከ 525 ኬልቪን ድረስ፣ ማለትም ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ እንኳ፣ በዚህ ሥርዓት ይጸናል። ንጹሕ ኒክል ፌሮመግነጢስ ሆኖ ሳለ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ተቃራኒውን መያዙ ተማሪዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ በሁለት ኒክሎች መካከል የሚቆመው ኦክሲጅን ነው። ኤሌክትሮን በኦክሲጅኑ በኩል ወደ ጎረቤቱ ለቅጽበት ተሻግሮ ቢመለስ ጉልበት ይቆጥባል፤ ነገር ግን በጎረቤቱ ቤት ተመሳሳይ ስፒን ያለው ኤሌክትሮን ቀድሞ ካለ የፓውሊ ሕግ መሻገሩን ይከለክለዋል። ስለዚህ የሚያዋጣው ተቃራኒ መሆን ነው።

በውጭ የማይታይ ሥርዓት እንዴት ታወቀ? ኒውትሮን ኤሌክትሪክ ባይኖረውም ራሱ ትንሽ መግነጢስ ነው። በክሪስታል ላይ ሲረጭ ከአቶሞቹ ስፒን ጋር ይጋጭና በተወሰኑ ማዕዘኖች ይበተናል። ስፒኖቹ ላይና ታች እየተፈራረቁ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ስፒን ያለው አቶም የሚደገመው በእጥፍ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ በአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ሊመጡ የማይችሉ አዳዲስ የብትነት ጉብታዎች ይታያሉ። ክሊፎርድ ሸልና ባልደረባው በ1949 በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ላይ ያዩት ይህንን ነው። የኔል አሳብ በዚህ ተረጋገጠ። ኔል በ1970፣ ሸል ደግሞ በ1994 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የቆርኪና የዳማ ገበታ ምሳሌ

የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ይህን ነገር በዳማ ገበታና በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ማሳየት ይቻላል። ለጨዋታው ከሚደረገው በተለየ፣ በ64ቱም ቤቶች ላይ ቆርኪ ይቀመጥ፤ በነጩ ቤት ላይ ያለው ሁሉ ፊቱ ወደ ላይ፣ በጥቁሩ ቤት ላይ ያለው ሁሉ ፊቱ ወደ ታች ይሁን። እያንዳንዱ ቆርኪ በአራቱም ወገን የሚጎራበተው ከተቃራኒው ጋር ብቻ ነው። ይህ ፍጹሙ ጸረ ፌሮመግነጢሳዊ ሥርዓት ነው። ቤቶቹ ሁሉ ስለሞሉ የሚንቀሳቀስ ቆርኪ የለም፤ እንደዚሁም አካሉ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

አሁን ከገበታው መካከል አንድ ቆርኪ ይነሣ። በሳይንሱ ቋንቋ ይህ ባዶ ቤት «ጎደሎ» ሊባል ይችላል። ከባዶው ቤት በስተቀኝ ያለው ቆርኪ ወደ ባዶው ይገፋ። የተገፋው ቆርኪ በማይገባው ቤት ስለተቀመጠ፣ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ይገኛል፤ ሦስት የተበላሹ ጉርብትናዎች ተፈጠሩ ማለት ነው። ባዶው ቤት በዚያው መስመር አንድ እርምጃ ደግሞ ወደ ቀኝ ቢሄድ ሁለት ተጨማሪ ብልሽቶች ይመጣሉ፤ ከዚያም በየእርምጃው ሁለት ሁለት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቍጠሩት። የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መግነጢሳዊውን ሥርዓት እንደሚያውክ፣ ሥርዓቱም እንቅስቃሴውን እንደሚይዝ ከዚህ ይታያል።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ይበልጥ ያስደንቃል። ከመጀመሪያው ባዶ ቤት መነሻ በስተግራ ካለው ቤት ሁለተኛ ቆርኪ ይነሣና፣ ይህ ሁለተኛው ባዶ ቤት የፊተኛውን ዱካ እየተከተለ ይሂድ። እያንዳንዱ ቆርኪ ሁለት ጊዜ በመገፋቱ ወደሚስማማው ዓይነት ቤት ይመለሳል፤ ብልሽቱም እየተጠገነ ይሄዳል። ብቻውን የሚሄድ ጎደሎ ዋጋ የሚከፍልበትን መንገድ፣ ሁለት ሆነው የሚሄዱ በነፃ ያልፉበታል። መግነጢስ ኤሌክትሮኖችን ለማጣመር የሚችል ነገር ነው የሚለው ግምት በቀላሉ ሲገለጽ ይህን ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ኤሌክትሮን ቆርኪ አይደለም፤ ስፒኖቹም በየቅጽበቱ ይዋልላሉ፤ ስለዚህ ምሳሌው ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም ለተማሪው «ጠላት ነው» ከሚለው አነጋገር የተሻለ መነሻ ይሰጠዋል።

ከመዳብ ወደ ኒክል

በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ፣ ላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ያለበት ኦክሳይድ ከ30 ኬልቪን በላይ ልዕለ አስተላላፊነት እንደሚያሳይ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ኢትሪየም ያለበት የመዳብ ኦክሳይድ 93 ኬልቪን ደረሰ፤ ይህም ናይትሮጅን ፈሳሽ ከሚሆንበት ከ77 ኬልቪን በላይ በመሆኑ ታላቅ ዜና ሆነ። በ1993 በሜርኩሪ የመዳብ ኦክሳይድ 133 ኬልቪን ያህል ተገኘ።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን ግን የእነዚህ አካላት ወላጅ የሆነው ውሕድ ነው። ሁለት ላንታነም፣ አንድ መዳብና አራት ኦክሲጅን ያለው ይህ ውሕድ (2-1-4 ይባላል) የመዳብና የኦክሲጅን ንጣፎች እንደ እንጀራ የተደራረቡበት፣ በየንጣፉም ውስጥ ስፒኖቹ ልክ በዳማው ገበታ እንዳየነው ሆነው የሚገኙበት ጸረ ፌሮመግነጢስ ነው፤ ሥርዓቱም እስከ 325 ኬልቪን ድረስ ይጸናል። ከላንታነሙ ከፊሉ በስትሮንቲየም ሲተካ በንጣፉ ውስጥ ጎደሎዎች ይፈጠራሉ። ጎደሎው ለአንድ መዳብ ከመቶ ሁለት ያህል ሲደርስ የረጅም ርቀቱ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ከመቶ አምስትና ስድስት አካባቢ ልዕለ አስተላላፊነት ይጀምራል፤ በ16 አካባቢ 38 ኬልቪን ያህል ደርሶ ከዚያ በኋላ ይወርዳል። ልዕለ አስተላላፊነቱ የበቀለው መግነጢስ በሌለበት ምድረ በዳ ሳይሆን በመግነጢሳዊው ሥርዓት ፍርስራሽ ላይ ነው። በንዝረት ብቻ ይመጣል የሚለው የ1957ቱ አገላለጽ ለእነዚህ አካላት እንደማይበቃ በሰፊው የታመነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በአቶም ቍጥር መዳብ 29፣ ኒክል 28 ነው፤ ጎረቤቶች ናቸው። መዳቡን በኒክል ብንተካው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ወዲያውኑ መነሣቱ የሚጠበቅ ነበር። መልሱ ግን ተስፋ አስቈራጭ ሆነ። የኒክሉ 2-1-4 በቅርጹ ከመዳቡ ጋር አንድ ነው፤ እስከ 330 ኬልቪን ያህልም ጸረ ፌሮመግነጢስ ነው፤ ነገር ግን ኒክሉ በዚህ ውሕድ ውስጥ ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ስፒኑ የመዳቡን እጥፍ ነው። ስትሮንቲየም ቢጨመርበትም፣ መጠኑ እጅግ እስኪበዛ ድረስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ልዕለ አስተላላፊም አይሆንም።

ጎደሎዎቹ የት ገቡ? ትራንኳዳና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኒውትሮን እንዳሳዩት፣ ጎደሎዎቹ በየቦታው ከመበተን ይልቅ በመስመር ተሰብስበው ይቆማሉ። እንደ ጋቢ ጥለት ነው፤ ሰፊ ነጭ፣ ቀጭን ቀለም፣ ሰፊ ነጭ። በጥለቶቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ ጸረ ፌሮመግነጢሳዊ ሥርዓቱን እንደ ጠበቀ ነው፤ ጥለቱን በተሻገርን ቍጥር ግን ላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ይሆናል። በቆርኪዎቹም ይህን ማሳየት አያስቸግርም፤ አንድ ዐምድ ሙሉ ቆርኪ አንሥቶ በስተቀኝ ያሉትን ሁሉ መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከዐምዱ ዳር አንድ ቆርኪ ወደ ባዶው ቢገፋ፣ ከማዶ የሚጠብቀው ተቃራኒ ፊት ስለሆነ ብልሽት አይፈጠርም። በኒክሉ 2-1-4 ውስጥ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ሰያፍ ናቸው፤ እጅግም የጸኑ በመሆናቸው ጎደሎዎቹን አስረው ይይዟቸዋል። በ1995 ተመሳሳይ ጥለት በአንድ የመዳብ ኦክሳይድ ውስጥም ሲገኝ፣ ኒክሉ ያልተሳካ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ የመዳቡን ጠባይ ማስረጃ ሰጪ ሆነ።

ሥርዓት የለም ማለት መግነጢስ የለም ማለት ነውን?

መዳቡን በትክክል ለመምሰል ኒክሉ እንደ እርሱ በውጨኛው ምሕዋር ዘጠኝ ኤሌክትሮኖች ሊኖሩት ይገባል። ለዚህም ኒክሉ ከተለመደው ያነሰ ኦክሲጅን ባለበት ውሕድ ውስጥ መገኘት አለበት። አኒሲሞቭና ባልደረቦቹ በ1999 ይህን በስሌት አመልክተው ነበር። ውሕዱ 1-1-2 ሲባል፣ የኒክልና የኦክሲጅን ንጣፎች ከበላያቸውም ከበታቻቸውም ኦክሲጅን ሳይኖር የተደራረቡበት ነው።

በ2019 በስታንፎርድ ዳንፈንግ ሊ፣ ሃሮልድ ሁዋንግና ባልደረቦቻቸው ተሳካላቸው። አሠራሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ ኒዮዲሚየም፣ ስትሮንቲየምና ኒክል ያለበት ተራ ኦክሳይድ በሌላ ክሪስታል ላይ አሥር ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ስስ ንጣፍ መልክ ይሠራል። ከዚያም ከካልሲየም ሃይድራይድ ዱቄት ጋር በመስታወት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ከ260 እስከ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ይሞቃል። ሃይድራይዱ ከንጣፎቹ መካከል ያለውን ኦክሲጅን ብቻ መዝዞ ያወጣዋል፤ የተቀረው ሕንፃ ሳይፈርስ ይቆማል። ምሰሶውን አውጥቶ ጣሪያውን እንዳለ እንደ መተው ነው። ውጤቱም ከ9 እስከ 15 ኬልቪን ልዕለ አስተላላፊ ሆነ።

ስለ መግነጢሱ ግን ክርክር ተነሣ። በ1999ና በ2003 የዚህን ውሕድ ዱቄት በኒውትሮን የመረመሩ ኬሚስቶች፣ እስከ ጥቂት ኬልቪን ድረስ የረጅም ርቀት መግነጢሳዊ ሥርዓት አላገኙም። ከዚህ ተነሥተው «ኒክሉ መግነጢስ የለውም፤ ስለዚህ እንደ መዳቡ አይደለም» ያሉ ነበሩ።

ይህ አነጋገር በክፍላችን ውስጥም ዘወትር የሚያጋጥም ስሕተት ስላለበት ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተማሪዎች ተሰልፈው ከቢሮ መስኮት ለሚያይ ሰው ሥርዓቱ በግልጽ ይታያል። ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ግን ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ቢቈዩ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው ትርምስ ብቻ ነው የሚታየው። ጥንዶቹ ግን አሉ። ኒውትሮን በዚያ ዓይነት ሙከራ የሚጠይቀው «ሰልፍ አለ ወይ?» ብሎ ነው። «ጎረቤታሞች ይነጋገራሉ ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላ መሣሪያም ይፈልጋል።

ያ መሣሪያ በ2021 ተገኘ። ኤክስ ሬይ በኒክሉ ላይ ተጋጭቶ ሲመለስ የጎደለው ጉልበት ሲለካ፣ ያ ጉልበት ስፒኖቹን ለማዋለል እንደ ዋለ ሊታወቅ ይችላል። በ1-1-2 ስስ ንጣፍ ላይ በዚህ መንገድ የተገኘው የስፒን ሞገድ እስከ 200 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል የሚደርስ ሲሆን፣ በጎረቤታሞች መካከል ያለው ጉልበትም ወደ 64 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ሆኖ ተሰላ። ይህ በመዳብ ኦክሳይዶች ካለው ግማሽ ገደማ ነው፤ ከቶ የሚናቅ አይደለም። በ2022 ደግሞ በሙዮን የተደረገው ምርመራ ታተመ። ሙዮን በአማካይ 2.2 ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ብቻ የሚኖር፣ ሲሞትም ፖዚትሮኑን በአመዛኙ ስፒኑ ወዳመለከተው ወገን የሚተፋ ቅንጣት ነው፤ ስለዚህ በተቀበረበት ቦታ ያለውን የመግነጢስ መስክ ይመሰክራል። ምስክርነቱም በልዕለ አስተላላፊዎቹ ንጣፎች ውስጥ መግነጢስ እንዳለና ከልዕለ አስተላላፊነቱ ጋር አብሮ እንደሚኖር የሚያሳይ ነበር። ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ በዚህ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጨምር። በ2021ና በ2022 በዚሁ 1-1-2 ውስጥ በየሦስት ኒክሉ የሚደገም የኤሌክትሪክ ጥለት ታየ ተብሎ በብዙ ወገን ተዘግቦ ነበር። በ2024 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ምልክቱ ሳይወጣ የቀረ ኦክሲጅን በሥርዓት በመደርደሩ ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። ምሰሶው ሁሉ አልወጣም ነበር ማለት ነው። በዕቅድ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎች ከዚህ የሚያስተውሉት ይኖራል፤ ታላላቅ መለኪያዎች ባሉበት አገር እንኳ ነገሩ የተፈታው ናሙናውን በጥንቃቄ በሠሩ እጆች ነው።

ሁለትና ሦስት ድርብ

በሐምሌ 2023 በጓንግዡ በሱን ያት-ሰን ዩኒቨርሲቲ መንግ ዋንግና ባልደረቦቹ ሌላ ዜና ይዘው ብቅ አሉ። ሦስት ላንታነም፣ ሁለት ኒክልና ሰባት ኦክሲጅን ያለው ውሕድ፣ በአጭሩ 3-2-7፣ ከ14 ጊጋፓስካል በሚበልጥ ግፊት በ80 ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን አስታወቁ። ይህ ግፊት በአካባቢያችን ያለው አየር ከሚያሳርፈው 140,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሲሆን፣ የሚገኘውም ናሙናውን በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል በመጭመቅ ነው። ሙቀቱ ከፈሳሽ ናይትሮጅን በላይ ነው።

3-2-7 በ1950ዎቹ መጨረሻ ረድልስደንና ፖፐር ከገለጹት የድርብርብ ኦክሳይዶች ቤተሰብ ነው። በውስጡ የኒክሉ ንጣፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ በጥንዱ መካከል ያለው ኦክሲጅን አልተነቀለም። የኒክሉም ኤሌክትሮኖች ዘጠኝ ሳይሆኑ በአማካይ ሰባት ተኩል ናቸው። ስለዚህ ይህ የመዳቡ ግልባጭ አይደለም። በመዳቡ ዘንድ ሥራው ሁሉ በንጣፉ ላይ ተዘርግቶ በተኛው ምሕዋር ሲሆን፣ በዚህ ግን ቀጥ ብሎ የቆመውና ሁለቱን ንጣፎች በኦክሲጅኑ በኩል የሚያያይዘው ምሕዋርም ይሳተፋል። ግፊት ሳይኖር የኒክል፣ የኦክሲጅንና የኒክል መስመር 168 ዲግሪ ያህል ጎበጥ ያለ ነው፤ በከፍተኛው ግፊት ወደ 180 ዲግሪ ቀጥ ይላል። ልዕለ አስተላላፊነቱም የሚታየው መስመሩ በቀናበት አካባቢ ነው።

መግነጢሱን በተመለከተ፣ በተራው ግፊት 3-2-7 በ150 ኬልቪን አካባቢ የስፒን እፍግታ ሞገድ ወደሚባል ሥርዓት ይገባል። ስፒኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ አደራደራቸውም የዳማ ገበታ አይደለም። በሰያፍ ሲታዩ በየአራተኛው የሚደገሙ መስመሮች ይሠራሉ። አንዱ ግምት ሁለት መስመር ላይ፣ ሁለት መስመር ታች ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ላይ፣ ባዶ፣ ታች፣ ባዶ ነው ይላል። ከ2024 ጀምሮ በኤክስ ሬይ፣ በሙዮንና በሌሎች መንገዶች የተገኙት መረጃዎች ሥርዓቱ መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ከሁለቱ አደራደር አንዱን መምረጥ ግን አከራካሪ ሆኗል። ከኤክስ ሬዩ መለኪያ የተሰላው ሌላው ቁም ነገር፣ ከላይኛው ንጣፍ ወደ ታችኛው ያለው ትስስር በንጣፉ ውስጥ ካለው እጅግ የጠነከረ መሆኑ ነው። በመዳብ ኦክሳይዶች ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብዙ ሊቃውንት በ3-2-7 የኤሌክትሮኖቹ ጥንድ የሚፈጠረው በንጣፉ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ንጣፎች መካከል ይሆናል ብለው የሚገምቱት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ግፊት መግነጢሳዊውን ሥርዓት አጥፍቶ ለልዕለ አስተላላፊነቱ ቦታ ይለቃል ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። የሙዮኑ መለኪያ ግን እስከ 2.3 ጊጋፓስካል ድረስ ግፊት ሲጨምር ሥርዓቱ የሚጀምርበት ሙቀት እንደሚወጣ እንጂ እንደማይወርድ አሳየ። ከዚያ ወዲያ እስከ 14 ጊጋፓስካል ያለውን መንገድ በሙዮን ለመሄድ የግፊቱ ዕቃ አይፈቅድም።

ሦስት ንጣፍ ያለው 4-3-10 የተባለው ወንድሙ በዚህ ረገድ ይበልጥ የተብራራ ነው። በ2020 በኒውትሮንና በኤክስ ሬይ እንደታየው፣ ከ140 ኬልቪን ገደማ በታች የስፒንና የኤሌክትሪክ ሞገዶች አንድ ላይ ይነሣሉ፤ የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ስፒኖች ተቃራኒ ሲሆኑ፣ በመካከለኛው ንጣፍ ላይ የሁለቱ ተጽዕኖ ተጣፍቶ መግነጢስ አይታይም። በ69 ጊጋፓስካል ገደማ ከ20 እስከ 30 ኬልቪን ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን በ2024 ታትሟል። ድርቡ ሲጨምር ሙቀቱ መውረዱን ልብ ይሏል።

የመጀመሪያዎቹ የ3-2-7 ናሙናዎች ጥራት ብዙ አነጋግሯል። ክፍልፋያቸው ብቻ ልዕለ አስተላላፊ እንደሆነ የሚያመለክቱ ውጤቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ሁለት ሁለት ንጣፍ ብቻ ሳይሆን አንድና ሦስት እየተፈራረቁ የተደራረቡበት ክሪስታል ሆነው ተገኙ። ከላንታነሙ ከፊሉ በፕራሲዮዲሚየም ሲተካ ድርድሩ እንደሚጠራና የናሙናው አብዛኛው ክፍል ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን በ2024 ታየ፤ ጥርጣሬውም በዚያ በእጅጉ ቀለለ።

ይህ ሁሉ ሲመረመር፣ የአቅራቢው ግምት እንደሚከተለው ነው። መግነጢስና ልዕለ አስተላላፊነት በአንድ ግቢ መኖራቸው አንዱ የሌላው አባት መሆኑን አያረጋግጥም። በ2-1-4 ኒክል እጅግ የጠና መግነጢስ ነበር፤ ልዕለ አስተላላፊነት ግን አልመጣም። በ1-1-2 ሰልፉ ባልነበረበት መጣ። ስለዚህ የሚፈለገው የመግነጢስ መኖር ብቻ ሳይሆን፣ ሳይደርቅ የሚዋልል፣ ኤሌክትሮኑንም በመስመር አስሮ የማይዝ መግነጢስ ይመስላል። ይህም ቢሆን ገና በመለኪያ መታየት ያለበት ነው። ዋናው እንቅፋትም የግፊቱ ዕቃ ራሱ ሆኖ ቈይቷል፤ የኒክሉን ስፒን የሚያየው ለስላሳ ኤክስ ሬይ አልማዙን አልፎ መግባት አይችልምና።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የስታንፎርድና የሼንዠን ተመራማሪዎች በየበኩላቸው ለዚህ መንገድ አገኙ። የ3-2-7ን ስስ ንጣፍ፣ የአቶሞቹ ርቀት በመቶ ሁለት ያህል በሚያንስ ሌላ ክሪስታል ላይ ሠሩት። ንጣፉም ከሥሩ ካለው ክሪስታል ጋር ለመስማማት በጎኑ ይጨመቃል፤ አልማዝም ግፊትም ሳያስፈልግ ከ40 ኬልቪን በላይ ልዕለ አስተላላፊነት መታየት ይጀምራል። በዚህ ንጣፍና በኤክስ ሬዩ መካከል የሚቆም ነገር የለም። ያ የ150 ኬልቪኑ የስፒን ሞገድ ልዕለ አስተላላፊ በሆነው ንጣፍ ውስጥ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ ወይስ ሰልፉን በትኖ በግቢው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ ይነጋገራል የሚለው ጥያቄ፣ አሁን በግምት ሳይሆን በቀጥታ በመለካት ሊመረመር የሚችል ሆኗል።